‹‹ኢሚዩኒቲ ይጨምራል››፦ ስለ ሴሎቻችን ጆሮ

ባለፈው ሐሙስ ጅማ ገበያ ዝንጅብል ልገዛ ወጣሁ። ሻጯ ስድሳውን ያለፉ ይመስላሉ። ዝንጅብሉን መደብ መደብ አድርገው ጆንያ ላይ ዘርግተዋል። አንዱን መደብ አነሱ፣ አፈሩን በመዳፋቸው አራገፉና ‹‹ውሰድ ልጄ፣ ኢሚዩኒቲ ይጨምራል›› አሉኝ። ቃሉን እንደ ኮረሪማ፣ እንደ እርድ ነው የጠሩት። ምላሳቸውን አልያዛቸውም።

ከኮቪድ ወዲህ ኢሚዩኒቲ የሁላችንም ቃል ሆኗል። ነጭ ሽንኩርት ይጨምረዋል፣ ማር ይጨምረዋል፣ ጤና አዳም ይጨምረዋል። ስናወራው በርሜል ውስጥ ያለ ውኃ እናስመስለዋለን። ሲጎድል እንታመማለን፣ ሲሞላ እንድናለን።

ዝንጅብሉን ገዛሁት። ለሻይ እንደሱ የለም። የመከላከያ ሥርዓታችን ግን በርሜል አይደለም። ይልቅ የሚመስለው መናኸሪያን ነው፤ ጠሪ አለ፣ ሰሚ አለ። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚወስነው ደግሞ ሰሚው ነው። የሴሎቹ መስሚያ ‹‹ተቀባይ›› ወይም ሪሴፕተር ይባላል። ዛሬ የማወራው ስለ እሱ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

መናኸሪያው ውስጥ የሚጮኸው ማን ነው?

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጅማ መናኸሪያ ገብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ‹‹አጋሮ! አጋሮ! አጋሮ!›› ‹‹በደሌ የሞላ!›› ‹‹ቦንጋ፣ ሚዛን!›› ጩኸቱ ለሁሉም ይደርሳል። ‹‹አጋሮ›› ሲባል ዞር የሚለው ግን አጋሮ የሚሄደው ነው። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ተሸካሚው ዕቃ ፍለጋ ይሮጣል። ቆሎ የምትሸጠው ልጅ ወደ መስኮቱ ትጠጋለች። ሊስትሮው ንቅንቅ አይልም። የተጠራው አንድ ቃል ነው። እያንዳንዱ የሚያደርገው ግን ለየቅል ነው።

ነጭ የደም ሴሎችም እንዲሁ ናቸው። ዓይን የላቸውም፣ ስልክ የላቸውም። ጀርም ያገኘው ሴል ትንንሽ ፕሮቲኖችን ዙሪያው ወዳለው ፈሳሽ ይለቃል። እነዚህ ፕሮቲኖች ናቸው ኢንተርሉኪን የሚባሉት። ስሙ ‹‹በነጭ ሴሎች መካከል›› እንደ ማለት ነው። የወጣው በ1979 ስዊዘርላንድ ውስጥ ኤርማቲንገን በተባለ ቦታ በተደረገ የተመራማሪዎች ስብሰባ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አንዱን ፕሮቲን እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በየራሱ ስም ይጠራው ስለነበር መግባባት ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቁጥር ሆነ፤ ኢንተርሉኪን-1፣ ኢንተርሉኪን-2 እየተባለ ዛሬ 40 አካባቢ ደርሷል። ቁጥሩ የማዕረግ አይደለም፤ አንድ ቁጥር ያገኘው ከስምንት ቁጥር አይበልጥም።

እውነቱን ለመናገር ስሙ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። የቆዳ ሴልም፣ የአንጀት ሴልም፣ የሳንባ ሴልም ኢንተርሉኪን ይለቃል፣ ይሰማልም። ግን ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ተቀባዩስ ምንድን ነው?

በሴሉ ስስ ሽፋን ላይ ወዲያና ወዲህ ብሎ የተተከለ ፕሮቲን ነው። ራሱ ውጭ፣ ጭራው ውስጥ ነው። ራሱ የተወሰነ ቅርጽ አለው፤ ያ ቅርጽ የሚገጥመው ለአንድ ኢንተርሉኪን ወይም ለጥቂቶች ነው። ሌላው ሲያልፍ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ስለዚህ ኢንተርሉኪን በደም ውስጥ ሞልቶ ቢፈስ እንኳ ተቀባይ የሌለው ሴል ምንም አይሰማም። ሴሉ ጆሮውን ማብዛት ይችላል፣ መቀነስም ይችላል። ዛሬ ያልሰማ ሴል ነገ ሊሰማ ይችላል ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መልእክቱ ወደ ውስጥ እንዴት ይደርሳል?

መልእክቱን ለማድረስ ኢንተርሉኪኑ ራሱ ወደ ሴሉ መግባት አያስፈልገውም። ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ አለው። ኢንተርሉኪኑ ሲያርፍባቸው ቁራጮቹ ተቀራርበው ይገጥማሉ። ውጭ ያሉት ራሶች ሲገጥሙ፣ ውስጥ ያሉት ጭራዎችም ጎን ለጎን ይሆናሉ። ጭራዎቹ ላይ ጃክ የሚባሉ ኢንዛይሞች ተለጥፈዋል። ለየብቻ ሲሆኑ ያንቀላፋሉ። ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል።

የነቃ ጃክ ሥራው ማህተም መምታት ነው። ማህተሙ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ነው። ቀበሌ ሄዳችሁ ማህተም ያላረፈበት ወረቀት ይዛችሁ ብትወጡ የትም አትደርሱም፤ እዚህም እንደዚያው ነው። ስታት የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች እየመጡ ማህተም ይመታባቸዋል። የተመታባቸው ሁለት ሁለት ሆነው ተቃቅፈው ወደ ሴሉ እምብርት፣ ዲኤንኤው ወዳለበት፣ ይሄዳሉ። እዚያ የተወሰኑ ጂኖችን ያበራሉ። ‹‹ተባዛ››፣ ‹‹ተዋጋ››፣ ‹‹አክታ አምርት››፣ ወይም ‹‹በቃ፣ አቁም››። ከደጁ እስከ እምብርቱ ያለው ጉዞ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው።

ሁሉም ተቀባይ በጃክና በስታት በኩል አይሄድም። የኢንተርሉኪን-1 ተቀባይ ለምሳሌ ሌላ ሰንሰለት አለው። መድረሻው ግን ያው ጂን ማብራት ነው።

ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ

የኢንተርሉኪን-2 ተቀባይ ሦስት ቁራጭ አለው፤ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ። ጅማ ተወልጄ ይህን ስሰማ ወደ አእምሮዬ የመጣው የጅማ በርጩማ ነው። ሦስት እግር፣ አንድ መቀመጫ። ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ይሰናከላል፦ በሁለት እግር የሚቆም በርጩማ የለም፣ ይህ ተቀባይ ግን ቤታና ጋማ ብቻቸውን ቢሆኑም ይሠራል። ደከም ይላል እንጂ። አልፋ ሲጨመር ኢንተርሉኪን-2ን የመያዝ ኃይሉ በ100 እጥፍ ገደማ ይጨምራል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሥራ ያልያዘ ቲ ሴል (ጀርም ከሚያሳድዱ ነጭ ሴሎች አንዱ ነው) አልፋ የለውም ማለት ይቻላል። ጠላቱን ሲያገኝ ግን ሁለት ነገር ያደርጋል። ኢንተርሉኪን-2 ያመርታል፤ አልፋውንም ያወጣል። ራሱ ጠርቶ ራሱ ይሰማል። ከዚያ ይባዛል። ጉሮሯችን ሲቆስል አንገታችን ሥር የሚያብጠው ዕጢ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መባዛት አለ። ጠላት ያላገኘው ጎረቤቱ ጆሮው ገና ስለሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሁሉም ሴል እኩል ቢሰማ ኖሮ ለአንድ ጉንፋን ሰውነታችን ሙሉ ጦር ባስነሳ ነበር።

አሁን ወደ ኖቤል ሽልማት እንምጣ። በ1995 ሺሞን ሳካጉቺ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ አንድ ለየት ያለ የቲ ሴል ዓይነት አሳዩ። ይህ ሴል ጠላት ሳያገኝም አልፋውን ሁልጊዜ አውጥቶ ነው የሚኖረው። ሥራው መዋጋት አይደለም፤ የሚዋጉትን ማስታገስ ነው። ሠፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ‹‹ተው፣ ተው›› እያሉ መሀል የሚገቡ ሽማግሌ አሉ አይደል? እንደሱ ነው። ከሚያስታግስባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ የሚገርም ነው፦ በዚያ ሁሉ ጆሮው ኢንተርሉኪን-2ን ከአካባቢው ለቃቅሞ ይጨርሰዋል። ተዋጊዎቹ የሚሰሙት ያጣሉ። ሳካጉቺ ከሜሪ ብራንኮው እና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የ2025ን የሕክምና ኖቤል የተሸለሙት በእነዚህ አስታጋሽ ሴሎች ሥራቸው ነው። ሴሎቹ የተለዩበት ምልክት፣ ሲዲ25 የሚባለው፣ ያው የበርጩማችን አንድ እግር ነው። አልፋ።

የበርሜሉ ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርሉኪን-2 በከፍተኛ መጠን በመርፌ ሲሰጥ ተዋጊዎቹን ያስነሳል። አሜሪካ ውስጥ በ1992 ለተሠራጨ የኩላሊት ካንሰር የተፈቀደው ለዚህ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያፈስሳሉ፣ የደም ግፊት ያሽቆለቁላል። በትንሽ መጠን ሲሰጥስ? ቀድመው የሚሰሙት አልፋ ያላቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው። እነሱ ይበዛሉ፣ ሥርዓቱም ይረጋጋል። ያው አንድ ኬሚካል ነው። ታዲያ ‹‹ኢሚዩኒቲ ጨመረ›› የምንለው የትኛውን ነው?

ጆሮው ጭራሽ ባይኖርስ?

ዴቪድ ቬተር አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ በ1971 ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ የመከላከያ ሥርዓት ሳይኖረው ተወልዶ ሞቶ ስለነበር ሐኪሞቹ ተዘጋጅተው ጠበቁት። እንደተወለደ ጀርም በማያስገባ የፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ከተቱት። እናቱ የምትነካው በፕላስቲክ ጓንት ነበር። እንዲህ ሆኖ 12 ዓመት ኖረ። በ1984፣ የእህቱ መቅኔ ከተሰጠው ከወራት በኋላ፣ አረፈ። መቅኔው ውስጥ ተደብቆ የገባ ቫይረስ ነበር።

የዚህ በሽታ ምክንያት የታወቀው በ1993 ነው፤ ጋማ የምትባለዋ እግር ጂን ተበላሽቶ ነው። ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስላለ የሚያጠቃው በአብዛኛው ወንዶችን ነው። አንድ እግር ብትጎድል ይህን ያህል ጉዳት ለምን? ጋማ የኢንተርሉኪን-2 ብቻ ስላልሆነች ነው። ለ4፣ ለ7፣ ለ9፣ ለ15 እና ለ21ም ታገለግላለች። አናጢው አንዱን እግር ለስድስት በርጩማ አንድ ዓይነት አድርጎ ጠርቧል እንበል። የዚያ እግር ልኩ ከተበላሸ ስድስቱም ይወድቃሉ። ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት የመቅኔ ንቅለ ተከላ ብዙዎችን ያድናል። የተበላሸውን ጂን የመተካት ሕክምናም አለ።

ለእኛ ቀረብ ያለ ምሳሌ ክንዳችን ላይ አለ። የቢሲጂ ጠባሳ። ክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ባክቴሪያ የቲቢ ዘመድ ነው፤ ሰውነታችን በቀላሉ ይቆጣጠረዋል። የሚቆጣጠረውም በጥሪ ነው። ባክቴሪያውን የዋጠው ሴል ኢንተርሉኪን-12 ይለቃል። ቲ ሴል በተቀባዩ ይሰማና ‹‹የዋጥከውን ግደለው›› የሚል ሌላ መልእክት ይመልሳል። የኢንተርሉኪን-12 ተቀባይ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ በጣም ጥቂት ናቸው። ችግሩ በ1998 ነው የታወቀው። እነሱን ክትባቱ ራሱ ሊያሳምማቸው ይችላል። ቲቢና ሳልሞኔላም ይበረቱባቸዋል። ሌላውን ጀርም ግን አብዛኛውን እንደማንኛችንም ይቋቋማሉ። የደነቆሩት ለጥቂት ጥሪ ብቻ ነው።

ትኩሳትስ?

‹‹ምች መታኝ›› ስንል፣ ብርድ ብርድ ሲለን፣ ጋቢ ሲያምረን፣ አንጎላችን ውስጥ ያለው ሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከፍ ካደረጉት መካከል ኢንተርሉኪን-1 እና 6 አሉ። በተቀባዮቻቸው በኩል ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ያስመርታሉ። መቆጣጠሪያውን የሚያሽከረክረው እሱ ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳት የሚያወርደው የዚህን ነገር ምርት በመቀነስ ነው። ጥሪው ግን አልቆመም። ለዚህ ነው ኪኒኑ ሲያልቅ ትኩሳቱ ተመልሶ የሚመጣው።

ሰምቶ ዝም የሚል ጆሮም አለ

ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ሰውነት አንዳንድ ጆሮዎችን የሠራቸው እንዳይሰሙ ነው። ኢንተርሉኪን-1 ሁለት ተቀባይ አለው። አንደኛው ይሰማል፣ ያስተላልፋል። ሁለተኛው ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጭራው ለሥራ አይሆንም። ጥቅሙ ጩኸቱን መቀነስ ነው። መናኸሪያ መሀል ቆሞ ‹‹እሺ እሺ፣ እሄዳለሁ›› እያለ ረዳቱን የሚያደክም፣ ግን የትም የማይሄድ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም?

ሌላው እንዲህ ያለ ጆሮ ቀይ የደም ሴል ላይ ነው ያለው። ዳፊ ይባላል፤ ስሙ መጀመሪያ ከተገኘበት ታማሚ ነው የተወሰደው። ዳፊ ኢንተርሉኪን-8ን እና ዘመዶቹን ከደም ውስጥ ይለቅማል፤ ለሴሉ ግን ምንም አይናገርም።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ጅማ አካባቢ ያደገ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ‹‹ፒቪ›› የሚል አይቶ ያውቃል። ቫይቫክስ ወባ ማለት ነው። ይህ የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት የሚይዘው እጀታ ይኸው ዳፊ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሕዝብ ቀይ ሴሉ ላይ ዳፊ የለውም። ስለዚህ ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ነው። እኛ አገር ዳፊ ያለውም የሌለውም ሞልቷል፤ ቫይቫክስም የተለመደ ነው። ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም ቫይቫክስ ሲይዛቸው ተገኝቷል። ተሕዋሱ ሌላ በር ሳያገኝ አልቀረም።

መድኃኒቶቹ ጆሮ ይደፍናሉ

በ2012 ኤሚሊ ኋይትሄድ የምትባል አሜሪካዊት ሕፃን በደም ካንሰር ልትሞት ደርሳ ነበር። ፊላደልፊያ ያሉ ሐኪሞች የራሷን ቲ ሴሎች አውጥተው፣ ካንሰሩን እንዲያውቁ ቀይረው መለሱላት። ሴሎቹ ሥራቸውን ሠሩ። ከመጠን በላይ ግን ጮኹ። ትኩሳቷ አልወርድ አለ፣ ትንፋሿ በማሽን ሆነ። ደሟ ሲመረመር ኢንተርሉኪን-6 ጣሪያ ነክቷል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ካርል ጁን ልጃቸው የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረባት። ስለዚህ የኢንተርሉኪን-6ን ተቀባይ የሚደፍን ቶሲሊዙማብ የሚባል መድኃኒት እንዳለ ያውቃሉ። ለኤሚሊ ሰጧት። በሰዓታት ውስጥ ትኩሳቷ ወረደ። ካንሰሩም ጠፋ።

መድኃኒቱ ኢንተርሉኪን-6ን አልነካውም። ጆሮውን ነው የያዘው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የኢንተርሉኪን-6 ተቀባይ አንድ መጥፎ አመል አለው። ከሴሉ ላይ ተቆርጦ በደም ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ጆሮ ለሌለው ሴል ጆሮውን ያውሰዋል። ኤሚሊን እንደያዛት ባለ የጥሪ ማዕበል ጊዜ የማይሰማ ሁሉ ይሰማል። መድኃኒቱ ተተክሎ ያለውንም የሚንሳፈፈውንም ይደፍናል። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ክፉኛ ለታመሙ ሰዎች ይህን ዓይነት መድኃኒት እንዲሰጥ መክሯል።

ዱፒሉማብ ሌላው ነው። የኢንተርሉኪን-4ን ተቀባይ አንድ ክፍል ይደፍናል፤ ኢንተርሉኪን-13ም በዚያው ክፍል ስለሚጠቀም ሁለቱም አብረው ዝም ይላሉ። ከ2017 ጀምሮ ለጠና የቆዳ ሽፍታ፣ በኋላም ለአስም ተፈቅዷል። እነዚህ ሁለት ጥሪዎች ግን የተፈጠሩት ለአስም አይደለም። አንጀት ውስጥ ትል ሲገባ ንፍጥ የሚያስመርቱት፣ ትሉን የሚያስወጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የመድኃኒቱ መመሪያ ትል ያለበት ሰው መጀመሪያ ትሉን ይታከም ይላል። ቶሲሊዙማብ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የቲቢ ምርመራ ይደረጋል። ጆሮ ሲደፈን የሚጠፋው ጩኸቱ ብቻ አይደለምና።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪም ‹‹ኢንፌክሽን አለ ወይ?›› ብሎ ሲጠራጠር ሲአርፒ የሚባል የደም ምርመራ ያዛል። ሲአርፒን የሚያመርተው ጉበት ነው፤ የሚያመርተውም ኢንተርሉኪን-6 ሲያዘው ነው። ቶሲሊዙማብ የሚወስድ ሰው ጉበቱ ትእዛዙን አይሰማም። ሳንባው እየተቃጠለ ሲአርፒው ዝቅ ብሎ፣ ትኩሳቱም ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ‹‹ምንም የለብህም›› ሊል ይችላል። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው የትኛውም ክሊኒክ ሲገባ፣ ‹‹ምን ያምሃል?›› ሳይባል በፊት፣ የመድኃኒቱን ስም ይናገር።